የማይድን ሕመም እንክብካቤ፦ ጥሩውን ከደካማው በምን እንለያለን?

ሐኪም «ከእንግዲህ ወደ ቤት ወስዳችሁ ብታስታምሙት ይሻላል» ሲል፣ ብዙ ቤተሰብ ሕክምና ሁሉ ያበቃ ይመስለዋል። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሪፈራል ሆስፒታል በሆነው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ደጃፍ፣ ከደዶና ከሊሙ፣ ከዚያም አልፎ ከከፋና ከዳውሮ የመጡ አስታማሚዎች ይህን ሰምተው ብርድ ልብሳቸውንና የምግብ ሳህናቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ። በሽታው አይድንም ማለት ግን ሥቃዩ አይቃለልም ማለት አይደለም። ማዳን ባይቻል እንኳ ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ የትንፋሽ እጥረትን፣ ጭንቀትንና የቁስል ሽታን የሚያቃልል፣ አስታማሚውንም የሚያግዝ ራሱን የቻለ የሕክምና ዘርፍ አለ። ችግሩ ይህን አገልግሎት እሰጣለሁ የሚል ባለሙያ ወይም ድርጅት ሲቀርብ፣ ቤተሰቡ ጥሩውን ከደካማው የሚለይበት መመዘኛ በእጁ አለመኖሩ ነው። የጥርስ ሐኪም ወይም የአዋላጅ ጉዳይ ቢሆን የተገለገለ ጎረቤት ተጠይቆ ይታወቃል፤ እዚህ ግን ዋነኛው ምስክር፣ ሕመምተኛው ራሱ፣ በሕይወት የለም።

ሆስፒስ ምንድን ነው? ከማስታገሻ ሕክምናስ በምን ይለያል?

ማስታገሻ ሕክምና ወይም ባለሙያዎች እንደሚሉት ፓሊየቲቭ ኬር፣ ለሕይወት አስጊ የሆነ በሽታ ያለበትን ሰውና ቤተሰቡን ከሥቃይ ለማሳረፍ የሚሰጥ እንክብካቤ ነው። በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ከኬሞቴራፒ፣ ከጨረር ሕክምና ወይም ከፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። ሆስፒስ የዚሁ ሕክምና የመጨረሻው ክፍል ሲሆን፣ በሽታውን ለማዳን የሚደረገው ጥረት ቆሞ የቀረው ጊዜ ያለ ሥቃይና በክብር እንዲያልፍ የሚደረግበት ነው። በአሜሪካ የመንግሥት የጤና መድን ለሆስፒስ የሚከፍለው፣ በሽታው በተለመደው መንገዱ ከቀጠለ የሕመምተኛው ዕድሜ 6 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ እንደሚሆን ሐኪም ሲያረጋግጥ ነው። ይህ ቁጥር ግን የክፍያ ደንብ እንጂ የሕክምና ሕግ ስላልሆነ፣ እዚህ አገር ያለ ቤተሰብ «ስድስት ወር ቀረው ማለት ነው?» ብሎ እንዲሸበር ምክንያት አይሆንም።

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ሕንፃ ነው። ነገር ግን በአፍሪካ አብዛኛው አገልግሎት የሚሰጠው ነርሶች ቤት ለቤት እየሄዱ ነው። ዘመናዊውን ሆስፒስ የጀመረችው መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በኋላም ሐኪም የሆነችው እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳንደርስ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። የእርሷ ዋና ትምህርት ሥቃይ የአካል ብቻ እንዳልሆነ ነበር፤ ለልጆቹ የሚሆን ነገር ሳያዘጋጅ የሚሞት ሰው፣ ወይም ከእግዚአብሔር ጋር እንደተጣላ የሚሰማው ሰው፣ በመድኃኒት ብቻ እንደማያርፍ አሳየች። በምሥራቅ አፍሪካ ሐኪሟ አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን አቋቁማ፣ የብርቱ ሕመም ማስታገሻ የሆነው ሞርፊን በአፍ በሚወሰድ ፈሳሽ መልክ በርካሽ ተዘጋጅቶ በሽተኛው ቤት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል በተግባር አረጋገጠች። በአገራችን ሆስፒስ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ተመሥርቶ በቤት ለቤት ጉብኝት ሲሠራ ቆይቷል።

እንዲህ ያለው ሕክምና ሞትን ያፋጥናል?

አያፋጥንም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ትርጓሜም ይህ ሕክምና ሞትን ለማፋጠንም ሆነ ለማዘግየት እንደማይሰጥ በግልጽ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሥር የሰደደ የሳንባ ካንሰር ያለባቸውን 151 ሕመምተኞች በሁለት ቡድን ከፍሎ ተከታትሎ ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጋር ማስታገሻ ሕክምናን ከመጀመሪያው ያገኙት ኑሯቸው የተሻለ ከመሆኑም በላይ፣ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 11.6 ወር ሲሆን የሌሎቹ 8.9 ወር ነበር። ስለዚህ ወደዚህ አገልግሎት ቀደም ብሎ መሄድ ተስፋ መቁረጥ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ጥራቱ በምን ይለካል?

የጅማ አንባቢ ይህን ለመረዳት የቡና ደረጃ አወጣጥን ቢያስብ ይበቃዋል። በመጀመሪያ ጥሬው ቡና ይታያል፤ እንከኑ፣ መልኩና ሽታው ተመዝኖ ከመቶ 40 ነጥብ ይያዝለታል። ከዚያ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተፈልቶ ሲቀመስ የቀረው 60 ነጥብ ይሰጣል። ጥሬው አምሮ ሲኒው ላይ የሚጎመዝዝ ቡና እንዳለ ማንም ነጋዴ ያውቃል።

የሕክምና ጥራትም የሚታየው በተመሳሳይ መንገድ ነው። አቬዲስ ዶናቤዲያን የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ሥራ የሕክምናን ጥራት በሦስት ከፍሎ መመልከትን አስተማረ፤ እነዚህም ያለው አቅም፣ የሚሠራው ሥራ እና የተገኘው ውጤት ናቸው። አቅም ማለት የባለሙያው ሥልጠና፣ መድኃኒቱ፣ ተሽከርካሪውና ስልኩ ነው። ሥራ ማለት ሕመሙ በየጉብኝቱ ተጠይቆ ተመዝግቧል ወይ፣ መድኃኒቱ በጊዜ ተስተካክሏል ወይ የሚለው ነው። ውጤቱ ግን ሲኒው ነው፤ ሕመምተኛው ትናንት ሌሊት ተኝቷል ወይስ ሲያቃስት አድሯል? አገልግሎት ሰጪዎች ስለ ራሳቸው ሲናገሩ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አቅማቸው ነው፤ ስለ አልጋቸው፣ ስለ መኪናቸው፣ ስለ ሠራተኞቻቸው ብዛት። አስታማሚ መጠየቅ ያለበት ግን በአብዛኛው ስለ ሁለተኛውና ስለ ሦስተኛው ነው።

የሕመምተኛው ሥቃይ እንዴት ይቆጠራል?

ሥቃይ በቴርሞሜትር አይለካም፤ የሚታወቀው ሕመምተኛው ሲናገር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና ቀላል ነው፦ ባለሙያው ወደ ቤት ሲገባ ሕመሙን የሚጠይቀው ማንን ነው? በር ላይ የተቀበለውን ወንድም ጠይቆ «ትንሽ ይሻለዋል» የሚል መልስ ይዞ የሚመለስ ነርስ ሥራውን አልጀመረም።

የአፍሪካ ማስታገሻ ሕክምና ማኅበር ለዚሁ ሲባል ያዘጋጀው 10 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አለ፤ ሰባቱ ለሕመምተኛው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው የሚቀርቡ ሲሆን፣ ሁሉም ያለፉትን 3 ቀናት የሚመለከቱ ናቸው። ሕመምተኛው ስለ ሕመሙ መጠን፣ ስለ ሌሎች የበሽታው ምልክቶች፣ ስለ ጭንቀቱ፣ የሚሰማውን ለሰው ማካፈል ችሎ እንደሆነ፣ ሕይወቱ ትርጉም እንዳላት ይሰማው እንደሆነ፣ ሰላም እንዳለው፣ ቤተሰቡም ለወደፊቱ ለማቀድ በቂ ምክርና እገዛ አግኝቶ እንደሆነ ይጠየቃል። አስታማሚው ደግሞ በቂ መረጃ ተሰጥቶት እንደሆነ፣ ለማስታመም እርግጠኝነት ይሰማው እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚጨነቅ ይጠየቃል። መልሱ ከ0 እስከ 5 ስለሆነ ማንበብ የማይችል ሰው በእጁ ሊመልስ ይችላል፤ ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ የተጨበጠ እጅ ዜሮ ነው፣ የተዘረጉ አምስት ጣቶች ደግሞ ከዚያ የማይብስ ማለት ናቸው። በሰቃ ጨቆርሳ የሚኖሩ፣ አማርኛ የማይሰሙ አንዲት አረጋዊት ለነርሷ አራት ጣት ካሳዩ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለት ጣት ካሳዩ፣ ይህ ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ማስረጃ ነው። አራቱ ጣት ሳምንት ሙሉ አራት ሆኖ ከቆየና መድኃኒቱን የቀየረ ሰው ከሌለ፣ ቁጥሩ ተመዝግቧል እንጂ ሕክምና አልተሰጠም።

ለሕፃናት በሥዕል የተሳሉ ፊቶችን እያሳዩ መጠየቅ የተለመደ ነው። መናገር ላቃተው ሰው ደግሞ የግንባር መኮሳተር፣ ሲገላበጥ ማቃሰት፣ የትንፋሽ መፍጠን ይታያል፤ ይህን ለአስታማሚው የሚያስተምር ባለሙያ በማይመጣበት ቀንም ሥራው ይቀጥላል።

ስለ ሞርፊን ምን መስማት አለብን?

የአንድን አገልግሎት ሰጪ ዕውቀት በአጭር ጊዜ ለመመዘን ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ያለ አይመስለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ለካንሰር ሕመም ባወጣው ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል፣ ቀላል ሕመም በፓራሲታሞልና በኢቡፕሮፌን ዓይነት መድኃኒቶች፣ መካከለኛው በኮዴይን ዓይነት፣ ብርቱው ደግሞ በሞርፊን ይታከማል። አሰጣጡም በአፍ፣ በሰዓቱና በሕመሙ ልክ ነው። ሞርፊን «የመጨረሻ መርፌ» ነው፣ ከተጀመረ ሰውየው አበቃለት ማለት ነው የሚለው ወሬ እዚህም እዚያም ይሰማል፤ ይህን ወሬ ራሱ የሚደግም ባለሙያ ካጋጠመ ሌላ መፈለግ ይሻላል።

ጥሩ ባለሙያ ጠርሙሱን ሲሰጥ የሚያደርገውን በቅርብ እንመልከት። ፈሳሽ ሞርፊን ጥንካሬው ከጠርሙስ ጠርሙስ ሊለያይ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ በላዩ የተጻፈውን ለአስታማሚው አንብቦ ያሳያል። ከዚያ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጥቶ የሚወሰደውን መጠን መስመሩ ላይ በእስክሪብቶ ያመለክታል፤ በሾርባ ማንኪያ መለካትን ይከለክላል። ፈሳሹ ሞርፊን የሚሠራው ለ4 ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓት ብሎ ይጽፋል፤ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ እጥፉ ይታዘዛል፣ ሕመምተኛውም አስታማሚውም ሌሊቱን ሳይነሡ እንዲያድሩ። «ሲያመው ስጡት» ብሎ ብቻ የሚሄድ ሰው ይህን ሥራ አያውቀውም፤ ሕመሙ ከተነሣ በኋላ መድኃኒት ማሳደድ ሥቃዩንም የሚፈለገውንም መጠን ይጨምራል። በሰዓቶቹ መካከል ድንገት ለሚነሣ ሕመም የሚሰጠው ተጨማሪ መጠንም ለብቻው መጻፍ አለበት።

ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ይህ የማይቀር ስለሆነ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ያልታዘዘበት የሞርፊን ማዘዣ ጎዶሎ ነው። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት ማንቀላፋትና ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜም ያልፋል። ሕመምተኛው ለመቀስቀስ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ትንፋሹ በጣም ከዘገየ ወይም መቀባዠር ከጀመረ ወዲያው መደወል እንደሚያስፈልግ፣ የኩላሊት ችግር ካለም መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ሊጠራቀም እንደሚችል አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ሱስን በተመለከተ፣ ለብርቱ ሕመም በሐኪም ክትትል በሚሰጥበት ጊዜ ሱስ መያዝ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ነው፤ ሰውነት ስለሚለምደው ግን በድንገት አይቋረጥም። ጠርሙሱ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል፣ ከሞት በኋላ የተረፈውም ለሰጠው ተቋም ይመለሳል።

አቅርቦቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ሞርፊን በልዩ የማዘዣ ወረቀት የሚታዘዝ በመሆኑ በየመድኃኒት ቤቱ አይገኝም። በላንሴት የሕክምና መጽሔት ሥር የተቋቋመ ኮሚሽን እንዳመለከተው፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2013 በዓለም በየዓመቱ ከተሠራጨው፣ በሞርፊን ልክ ሲሰላ 298.5 ቶን ከሚሆነው የዚህ ዓይነት መድኃኒት፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች የደረሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ መጥፋቱ ሁልጊዜ የአገልግሎት ሰጪው ጥፋት አይደለም። ጥራቱ የሚታየው ግን ከመጥፋቱ በፊት በሚያደርገው ዝግጅት ነው፦ ጠርሙሱ ሊያልቅ ስንት ቀን ሲቀረው እንደሚያውቅ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያለውን መጠን ቆጥሮ ለቅዳሜና እሑድ እንደሚበቃ ያረጋግጥ እንደሆነ፣ በክረምት ከገጠር ቀበሌ መምጣት ለሚያስቸግረው ቤተሰብ ረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ እንዲታዘዝለት ይጥር እንደሆነ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማን ስልክ ያነሣል?

በቀን ሁሉም አገልግሎት ጥሩ ይመስላል። የማይድን ሕመም የሚከብደው ግን ሌሊት ነው፤ ባጃጅ በማይገኝበት፣ መድኃኒት ቤት በተዘጋበት፣ አስታማሚው ብቻውን ትንፋሽ በሚቆጥርበት ሰዓት። ስለዚህ ከመስማማት በፊት «ሲስተር፣ ሌሊት ቢብስባት በየትኛው ቁጥር ልደውል? የሚያነሣውስ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መልሱ «ኧረ ደውሉልኝ፣ ችግር የለም» ከሆነ ደግሞ እርስዎ ተረኛ ባልሆኑበት ቀንስ ብሎ ማስከተል ነውር አይደለም። አንዲት ደግ ነርስ በግል ስልኳ ሌት ተቀን መልስ መስጠቷ የሚያስመሰግናት ቢሆንም፣ እርሷ የታመመች ቀን የሚቋረጥ ነገር የደግነት ሥራ እንጂ የተደራጀ አገልግሎት ሊባል አይችልም።

ኔትወርክ በማይደርስበት ወይም መብራት ጠፍቶ ስልክ በማይሞላበት ቦታ መፍትሔው ቀድሞ መዘጋጀት ነው። በጥሩ አገልግሎት ውስጥ አስታማሚው ሊመጡ የሚችሉ ነገሮችን አስቀድሞ ያውቃል፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት እጅና እግር እንደሚቀዘቅዝ፣ ትንፋሽ እየቆመ እንደሚቀጥል፣ ጉሮሮ ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ቤተሰቡን እንደሚያስደነግጥ ሆኖም ሕመምተኛውን ብዙውን ጊዜ እንደማያስጨንቀው ይነገረዋል። የማኅፀን በር ወይም የአንገት ካንሰር ባለበት ቤት ድንገት ብዙ ደም ሊፈስ ስለሚችል፣ ልምድ ያላት ነርስ ጠቆር ያለ ፎጣ በአልጋው አጠገብ እንዲቀመጥ ታዛለች፤ ደም በነጭ አንሶላ ላይ ሲታይ ሕመምተኛዋንም ልጆቿንም የሚያስደነግጠውን ያህል በጠቆረ ጨርቅ ላይ አያስደነግጥም። እንዲህ ያለ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ሥራውን በእርግጥ ሲሠራ የኖረ ነው።

በአሜሪካ የሆስፒስ ድርጅቶች ከሚመዘኑባቸው ነጥቦች አንዱ፣ ከሕመምተኛው የመጨረሻ 3 ቀናት ቢያንስ በሁለቱ ነርስ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቱ ሄዶ እንደሆነ ነው፤ ከሞት በኋላም ቤተሰቡ በመጠይቅ ይጠየቅና ውጤቱ ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። እዚህ ያለ ቤተሰብ እንዲህ ያለ የታተመ ውጤት ባይኖረውም ጥያቄውን መዋስ ይችላል፦ «ሲብስበት የምትመጡበት ጊዜ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» በብዙ ቦታ ጉብኝት የሚመናመነው በጣም በሚፈለግበት በዚያ ሳምንት ነው።

ቁስሉን፣ ምግቡንና ግሉኮሱንስ እንዴት ይይዟቸዋል?

ወደ ውጭ የወጣ የጡት ካንሰር ቁስል ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳፍራት ሽታው ነው፤ በሽታው ሳይጥላት ሰው ከቤቷ መቅረት ይጀምራል፣ እርሷም ጓዳ ገብታ ትዘጋለች። ቤተሰብ ዕጣን ያጨሳል፤ ጭሱ ደግሞ ትንፋሽ ለሚያጥራት ሴት ሌላ ጭንቅ ይሆናል። ሙያውን የሚያውቅ ነርስ ቁስሉን ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ትንሽ ጨው በገባበት ውኃ ቀስ አድርጎ ያጥባል፣ የሜትሮኒዳዞል ኪኒን አድቅቆ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ይነሰንሳል፣ በላዩም ንጹሕ ጨርቅ ያደርጋል። ሽታውን የሚያመጡት ተሕዋስያን ሲሞቱ ክፍሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለወጣል። ሜትሮኒዳዞል በየትኛውም መድኃኒት ቤት የሚገኝ ርካሽ ኪኒን መሆኑን ስናስብ፣ ይህን የማያደርግ አገልግሎት የጎደለው ገንዘብ እንዳልሆነ ይገባናል።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየ2 ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባውና ተረከዙ ይቆስላል። ነርሷ ይህን አስታማሚው ፊት አንድ ጊዜ ሠርታ፣ ቀጥሎ አስታማሚው ራሱ እንዲሠራው አድርጋ ካላየች አስተምራለች ማለት አይቻልም።

ምግብ ከሁሉ የሚከብድ ጉዳይ ነው። በእኛ ዘንድ በሽተኛ ካልበላ አስታማሚ ይወቀሳል፤ «ምን አበላችሁት?» የማይል ጠያቂ የለም። በመጨረሻዎቹ ቀናት ግን ሰውነት ምግብ መፈለግ ያቆማል፤ ቤተሰቡ «ቢያንስ ግሉኮስ ይሰቀልለት» ሲል፣ ሰውነቱ ሊጠቀምበት ያልቻለው ፈሳሽ እብጠትና የትንፋሽ መታፈን ሊያስከትል ይችላል። ደካማ አገልግሎት ሰጪ ቤተሰቡን ደስ ለማሰኘት ወይም ክፍያ ለመቀበል ብሎ ይሰቅላል። ጥሩው ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳል፣ ከንፈርን በእርጥብ ፋሻ ማራስንና ቫዝሊን መቀባትን ያሳያል፣ በዚህም አስታማሚው በእጁ የሚሠራው ነገር ያገኛል። ፈሳሽ የሚጠቅምበት ሁኔታ አለ፤ ጥያቄው ምክንያቱ ተነግሯል ወይ የሚለው ነው።

እውነቱን ለሕመምተኛው ይነግሩታል?

መርዶ እንኳ ጎህ ሳይቀድ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በጥንቃቄ በሚነገርበት አገር «ካንሰር ነው፣ አይድንም» የሚለውን ቃል ለሕመምተኛው በቀጥታ መናገር ብዙ ቤተሰብ አይፈቅድም፤ ሐኪሙም በኮሪደር ለታላቅ ወንድም ነግሮት ያልፋል። ጥሩ ባለሙያ ቤተሰቡን አይጋፋም፣ ሕመምተኛውንም አይዋሽም፤ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ከእርስዎ ጋር ማን ቢሰማ ይወዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ሕመምተኛ ከሚገመተው በላይ ያውቃል፤ የሚያስጨንቀው ስለ ቡና መሬቱ፣ ስለ ዕዳውና ስለ ልጆቹ ሳይናገር መቅረቱ ነው።

ጅማ ላይ ይህ ውይይት በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛ፣ በየምኛ ወይም በዳውሮኛ ሊሆን ይችላል። የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ የሞቷን ዜና እንዲያስተረጉም የሚያደርግ አገልግሎት፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላለት እንኳ፣ ትልቅ ጉድለት አለበት።

በሃይማኖት ጉዳይ የሚፈለገው አክብሮት በተግባር ሲታይ ነው። ሙስሊም ሕመምተኛ በረመዳን መጾም ከፈለገ፣ ባለሙያው ከመቆጣት ይልቅ የመድኃኒቱን ሰዓት አንሥቶ ይወያያል፣ በየ12 ሰዓቱ የሚወሰድ ቀስ ብሎ የሚሠራ ኪኒን ማግኘት ይቻል እንደሆነ ያያል፤ የመጾም ግዴታውን ጉዳይ ለሸይኹ ይተዋል። ጸበል ለመሄድ የወሰነውንም «መድኃኒቱን ይዘው ይሂዱ» ይለዋል። በመጨረሻው ሰዓት ያሲን የሚቀራበት ወይም ንስሐ አባት የሚገቡበት ጊዜ በነርሷ የጉብኝት ሰዓት ምክንያት እንዳይስተጓጎል መጠንቀቅም ከሥራው አንዱ ክፍል ነው።

ፈቃዱ፣ ክፍያውና ዕድሩ

ፈቃድ መጠየቅ አያሳፍርም፤ የባለሙያው የሙያ ፈቃድ የታደሰ፣ ድርጅቱም በጤና ቢሮ የታወቀ መሆን አለበት። ክፍያ በጉብኝት ነው ወይስ በወር፣ መድኃኒቱ ይካተታል ወይስ ለብቻ ይገዛል፣ ሕመምተኛው በወሩ አጋማሽ ቢያርፍ ቀሪው ይመለሳል ወይ የሚሉት በጽሑፍ ቢሆኑ ይመረጣል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ፣ አገልግሎቱ መድኑ ውል ከገባባቸው የጤና ተቋማት በአንዱ የሚሰጥ መሆኑን አስቀድሞ ቢያጣራ ከብዙ ወጪ ይድናል፤ የጅማ ዞኗ ሊሙ ኮሳ ይህ መድን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዷ እንደመሆኗ፣ አሠራሩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። አድናለሁ የሚል፣ ወይም ቀድሞ ወደሚታከሙበት ሆስፒታል እንዳትመለሱ የሚያስጠነቅቅ ሰው ግን ፈቃድ ቢኖረውም አይታመንም።

ዕድራችን ከሞት በኋላ ብርቱ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ንፍሮው በአንድ ሌሊት ይደርሳሉ። ከሞት በፊት ባሉት ወራት ግን አስታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ነው። በኤች አይ ቪ ክፉ ዘመን በአገራችን የዕድር አባላትና በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት እየሄዱ ሲያስታምሙ ነበርና መንገዱ ያልተሞከረ አይደለም። አንድ አገልግሎት ሰጪ የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በስም ካወቀና አስታማሚዋ ግማሽ ቀን እንድታርፍ የሚተካት ሰው ከዕድሩ ለማግኘት ከሞከረ፣ አስታማሚንም እንደሚንከባከብ በዚህ ይታወቃል።

ካልተስማማንስ መተው እንችላለን?

ይቻላል። ሕመምተኛው በማንኛውም ጊዜ አገልግሎቱን ትቶ ወደ ሌላ መሄድ፣ ወደ ሆስፒታል ተመልሶ መታከምም መብቱ ነው። ቅሬታ ሲኖር በመጀመሪያ ለአገልግሎቱ ኃላፊ፣ ካልሆነ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ማቅረብ ይቻላል፤ «ሦስት ቀን ሙሉ አምስት ጣት እያሳየ መድኃኒቱ አልተለወጠም» የሚል በቀን የተጻፈ ማስታወሻ «አልተንከባከቡትም» ከሚል አቤቱታ ይልቅ መልስ ያገኛል። ከመለያየት በፊት የምርመራ ውጤቶቹን፣ የሕመም መመዝገቢያ ወረቀቱንና የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች መጠን የያዘ ማጠቃለያ መቀበል ያስፈልጋል። ሞርፊን በድንገት መቋረጥ ስለሌለበትም፣ ቀጣዩ ባለሙያ አዲስ ማዘዣ እስኪጽፍ ድረስ የሚበቃ መጠን በጠርሙሱ ውስጥ መኖሩ ከመለያየቱ ቀን በፊት መቆጠር አለበት።